ጠብታዋ የማን ናት? የዴኒስ ፓፒን የሕይወት ታሪክ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳችኝ አንዲት ጠብታ ናት። ቤታችን ሻወር ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር አለ። ከሥሩ፣ ቀዝቃዛው ውኃ በሚገባበት በኩል፣ አውራ ጣት የምታክል የነሐስ ዕቃ ተገጥማለች። ይቺ ዕቃ በቅርቡ ጠዋት ጠዋት ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረች። እናቴ ተጨነቀች፤ ቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ሰውየው አየት አደረገና የጠብታዋን መውጫ በቡሎን ደፍኖ ሊገላግለን ወሰነ። ደግነቱ በኪሱ የያዘው ቡሎን ልኩ አልሆነም። በማግስቱ ልኩን ይዞ ሊመጣ ተቀጣጥረን ተለያየን።

እኔም በዚያች በአንዲት ቀን ዕረፍት ውስጥ ስለዚች ዕቃ ማንበብ ጀመርኩ። ስሟ ሴፍቲ ቫልቭ ነው። ንባቡ ግን ከቦይለሩ አልፎ ከ300 ዓመታት በፊት ወደ ኖረ አንድ ሰው ወሰደኝ። ቫልቩን ድፍን እናድርገው ወይስ እንተወው ለሚለው ጥያቄ ከእሱ የሕይወት ታሪክ የተሻለ መልስ የሚሰጥ አላገኘሁም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐኪም የሆነው መካኒክ

ዴኒስ ፓፒን በ1647 በፈረንሳይ፣ ብሏ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ተወለደ። ቤተሰቡ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነበር። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ኑሮውን የምታናጋው እሷ ናት። ልጁ በአንዤ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1669 ተመረቀ። ይሁን እንጂ ልቡ ከበሽተኛ አልጋ ይልቅ ወደ ፓምፕና ወደ ቧንቧ ያደላ ነበር።

በ1670ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፓሪስ ሄዶ የታወቀው የሆላንድ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ ረዳት ሆነ። ሁይገንስ የፔንዱለም ሰዓትን የሠራና የሳተርን ቀለበት ምን እንደሆነ ያስረዳ ሰው ነው። ሁለቱ አየርን ከዕቃ ውስጥ በፓምፕ እየመጠጡ ባዶው ቦታ ውስጥ ምን እንደሚሆን ይመረምሩ ነበር። ባሩድ በሲሊንደር ውስጥ አፈንድተው ፒስተን ለማንቀሳቀስም ሞክረዋል። ፓፒን የዚህን ጊዜ ሙከራዎቹን በ1674 በመጽሐፍ አሳተመ። ጀርመናዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ላይብኒዝም ያኔ ፓሪስ ነበርና ተዋወቁ። ይህ ትውውቅ ከዚያ በኋላ ለረዥም ዓመታት በደብዳቤ ቀጥሏል።

በ1675 ፓፒን ባሕር ተሻግሮ ለንደን ገባ። እዚያም በጋዝ ግፊትና በይዘት ሕጉ ሁላችንም ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የምናውቀው ሮበርት ቦይል አሠራው። አስቡት፤ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው በዘመኑ ስለ ግፊት ብዙ ከሚያውቁት ሰዎች መካከል ከሁለቱ ጋር ሠርቷል።

አጥንት የሚያለሰልሰው ድስት

በ1679 ፓፒን ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የለንደን የሳይንስ ማኅበር አንድ ድስት ይዞ ቀረበ። ወፍራም የብረት ድስት ነው፤ ክዳኑ በብሎን ተጠብቆ ይታሰራል። በዚህ ድስት የከብት አጥንት እንኳ ይለሰልሳል። የፓፒን ሐሳብ የሚጣለው አጥንት ለድሃ ምግብ እንዲሆን፣ ማገዶም እንዲቆጠብ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታነዱትም ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ትርፉ ሙቀት በእንፋሎት ይወጣል። ድስቱ ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ ግን እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ሲጨምር ውኃው የሚፈላበት ሙቀትም ከ100 በላይ ይወጣል፤ ምግቡም ቶሎ ይበስላል። እኛ አዲስ አበባዎች ይህንን በተገላቢጦሽ እናውቀዋለን። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ነው ባቄላና የበሬ ሥጋ እሳት ላይ የሚያስመሹን። ፕሬሸር ኩከር የገዛ ሰው እፎይ የሚለውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ፕሬሸር ኩከር የፓፒን ድስት የልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ችግር አለ። መውጫ የሌለው እንፋሎት ያለበት ድስት ምድጃ ላይ የተጣደ ቦምብ ነው። አንድ ሰው በቀላሉ የሚያስበው መፍትሔ ብረቱን ማወፈር ነው። ግን ብረቱ የቱንም ያህል ቢወፍር እሳቱ እስከነደደ ድረስ ግፊቱ ይጨምራል፤ ወፍራም ብረት ሲፈነዳ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ፓፒን ያደረገው ሌላ ነው። ክዳኑን በሳና ትንሽ ቱቦ አቆመ። በቱቦዋ አፍ ላይ ትንሽ መክደኛ አስቀመጠ። መክደኛዋን የሚጫን አንድ ዘንግ አደረገ፤ የዘንጉ አንዱ ጫፍ ታስሯል፣ ሌላው ጫፍ ላይ ክብደት ተንጠልጥሏል። ገበያ ላይ ክብደቱ በዘንጉ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሄድበትን የእጅ ሚዛን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ክብደቱ ወደ ጫፍ በራቀ ቁጥር መክደኛዋን የሚጫነው ኃይል ይበረታል። የእንፋሎቱ ግፊት ከዚያ ኃይል ሲበልጥ መክደኛዋ ብድግ ትልና እንፋሎቱ ሽው ብሎ ይወጣል። ግፊቱ ሲቀንስ መልሳ ትዘጋለች። ጠባቂ አያስፈልጋትም፤ ተኝተውም ይሁን ረስተዋት ሥራዋን ትሠራለች። ፓፒን ይህን ሁሉ በ1681 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። በዓለም የመጀመሪያው ሴፍቲ ቫልቭ ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ ይቺ ዕቃ ሁለት ሥራ ነበራት። አንዱ ማዳን ነው። ሁለተኛው መናገር ነው። ክብደቱና የቀዳዳዋ ስፋት ስለሚታወቅ፣ መክደኛዋ ብድግ ስትል ፓፒን ድስቱ ውስጥ ያለው ግፊት ምን ያህል እንደደረሰ በስሌት ያውቃል። ሙቀቱን ለማወቅ ደግሞ ክዳኑ ላይ የውኃ ጠብታ ያደርግና ጠብታዋ ተንና እስክትጠፋ ፔንዱለሙ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ይቆጥር ነበር። ሰውየው ጠብታንም ያነብ ነበር ማለት ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1682 ለሮያል ሶሳይቲ አባላት በፓፒን ድስት ራት ተበሰለላቸው። በራቱ ላይ የተገኘው ጆን ኢቭሊን በዕለት ማስታወሻው ላይ አስፍሮታል። ጠንካራው የበሬና የበግ አጥንት እንደ አይብ ለስልሶ ቀረበ፤ ኢቭሊን ከአጥንቱ ከተሠራው ጄሊ ለሚስቱም በብርጭቆ ላከላት። እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች ለዚህ ሰው ውለታ አለብን፤ ያየውን በዕለቱ ባይጽፍ ኖሮ ዛሬ ያንን ማዕድ እንዲህ አናየውም ነበር።

አገር አልባው

ራቱ ቢጣፍጥም ኑሮው አልጣፈጠም። ፓፒን ወደ ቬኒስ ሄዶ ጥቂት ዓመታት ሠራና በ1684 ወደ ለንደን ተመለሰ። ሮያል ሶሳይቲ ሙከራ እያዘጋጀ እንዲያሳይ በዓመት 30 ፓውንድ ቀጠረው። በዚህ መሐል በ1685 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ለፕሮቴስታንቶች የእምነት ነፃነት ይሰጥ የነበረውን የናንት አዋጅ ሻረ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ላይ መጣ። ፓፒን ከዚያ ወዲያ እምነቱን ሳይለውጥ አገሩ ገብቶ መኖር አይችልም።

በ1687 የሄሰን ካሰል ገዢ የነበረው ካርል የሒሳብ መምህር አድርጎ ወደ ጀርመን፣ ወደ ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ጠራው። እዚያም በ1690 ትልቁን ሐሳቡን በአንድ የላይፕሲግ የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣ። ሐሳቡ ይህ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ውኃ ይደረጋል። ውኃው ሲሞቅ እንፋሎት ይሆንና ፒስተኑን ወደ ላይ ይገፋል። እሳቱ ሲነሣ እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ ውስጡ ባዶ ስለሚሆን የውጭው አየር ፒስተኑን ቁልቁል ይጫነዋል። በፒስተን የሚሠራው የእንፋሎት ሞተር መነሻ ይህ ነው። ፓፒን ግን ዕቃውን በትልቁ የሚያሠራበት ገንዘብም፣ ትልልቅ ሲሊንደር አስተካክሎ የሚሠራ ባለሙያም አልነበረውም።

ቀጥሎ ወደ ካሰል ተዛውሮ በካርል ቤተ መንግሥት ውኃ የሚስብ ሞተር ለመሥራት ለዓመታት ደከመ። በ1705 ላይብኒዝ የእንግሊዛዊውን የቶማስ ሴቨሪን የእንፋሎት ፓምፕ ንድፍ ላከለት። ፓፒን ያንን አይቶ የራሱን አሻሻለ፤ በ1707ም መጽሐፍ አሳተመ። በካሰል ግን ከሰው ጋር መስማማት እያቃተው ሄደ። ወደ ለንደን ተመልሶ ዕድሉን ሊሞክር ቆረጠ።

በመስከረም 1707 ቤተሰቡንና ንብረቱን ራሱ በሠራት ጀልባ ጭኖ የፉልዳን ወንዝ ተከትሎ ወረደ። ጀልባዋ በመቅዘፊያ ፈንታ በጎንና በጎን የሚሽከረከር ጎማ ነበራት። ብዙ መጻሕፍት በእንፋሎት የምትሄድ ነበረች ብለው ጽፈዋል፤ ከላይብኒዝ ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን ጎማው በሰው ጉልበት ይዞር እንደነበር ያሳያሉ። ሙንደን ከተማ ሲደርስ የአካባቢው የጀልባ ነጂዎች ማኅበር በእኛ ወንዝ ማን ፈቀደልህ ብሎ አስቆመው። ፓፒን አስቀድሞ የማለፊያ ፈቃድ እንዲያገኝለት ላይብኒዝን ለምኖ ነበር፤ ፈቃዱ ግን አልተገኘም። ጀልባዋ ተይዛ ተሰባበረች። የስልሳ ዓመቱ ሰው ያለ ጀልባ ለንደን ገባ።

ለንደን ስትገባ ሰው ሁሉ ተለውጦ ታገኘዋለህ እንደሚባለው ሆነበት። ቦይል ሞቷል፤ ሁክም ሞቷል። ማኅበሩን የሚመራው አይዛክ ኒውተን ነው። ፓፒን ሞተሩ ከሴቨሪ ሞተር ጋር ተወዳድሮ እንዲፈተሽለት ጠየቀ፤ ገንዘብ የሚሰጠው አላገኘም። ከ1707 እስከ 1712 ድረስ ጽሑፎቹ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ይነበቡ ነበር፤ እንጀራ ግን አልሆኑለትም። በጥር 1712 የጻፈው ደብዳቤ ችግር ላይ መውደቁን ይናገራል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። የሚገርመው በዚያው በ1712 ቶማስ ኒውኮመን በእንግሊዝ አገር ዱድሊ አጠገብ በእንፋሎትና በፒስተን የሚሠራ ትልቅ ሞተር አቁሞ ከማዕድን ጉድጓድ ውኃ አስወጣ።

ቫልቩን ስንይዘው

ከፓፒን በኋላ እንፋሎት ዓለምን ለወጠ። ቫልቩም ከድስት ወደ ባቡርና ወደ መርከብ ቦይለር ተሻገረ። ግን ሰው ሆዬ ተጨማሪ ጉልበት ሲፈልግ ክብደት እየጨመረ፣ አንዳንዴም ጭራሹን እያሰረ ቫልቩ እንዳይከፈት ያደርግ ጀመር። በ1803 ለንደን አጠገብ ግሪኒች ውስጥ የሪቻርድ ትሬቪቲክ ቦይለር ፈንድቶ አራት ሰዎች ሞቱ። ትሬቪቲክ ጥፋቱን በጥንቃቄ ጉድለት አሳበበ፤ ሆኖም ከዚያ ወዲያ በሠራቸው ቦይለሮች ላይ ሁለት ቫልቮች አደረገ፤ አንደኛውን ሠራተኛው እንዳይነካካው አድርጎ ነው። ሰው ቫልቭ መድፈን እንደሚወድ ቀድሞ ገብቶታል።

የእኛ ቤት ቦይለር በእርግጥ እንፋሎት አያመርትም። ታዲያ ለምን ቫልቭ አስፈለገው? ውኃ ሲሞቅ ይዘቱ ይጨምራል። ከ15 ዲግሪ ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ 2 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ 50 ሊትር ከሆነ ወደ አንድ ሊትር ገደማ ትርፍ ማለት ነው። የቦይለሩ ቫልቭ የሞቀው ውኃ ወደ ቀዝቃዛው መስመር እንዳይመለስም ስለሚዘጋ፣ ያቺ ትርፍ ውኃ መሄጃ የላትም። ግፊቱ ቫልቩ ላይ ከተጻፈው ልክ ሲያልፍ፣ ብዙ ጊዜ 8 ባር ነው፣ ውስጧ ያለው ስፕሪንግ ይሸነፍና ትርፉን ጠብ ታደርገዋለች። በፓፒን ክብደት ቦታ ስፕሪንግ ገባ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ውኃው ከልክ በላይ ቢሞቅ ደግሞ የመጨረሻዋ መዳኛ እሷው ናት። በቡሎን ደፍነናት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ግፊት በበርሜሉ ላይ ያርፍ ነበር።

ስለዚህ ጠብታ ያየ ሰው ከመድፈኑ በፊት መጠየቅ አለበት። ጥያቄዎቹ የእኛው የዜና ጥያቄዎች ናቸው፤ መቼ? ምን ያህል? ለምን?

ውኃው በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ ጠብ ብላ ቦይለሩ ሲጠፋ የምታቆም ከሆነ ጤነኛ ናት፤ ሥራዋን እየሠራች ነው። መውጫዋ ላይ ቁልቁል የሚወርድ፣ ጫፉ ክፍት የሆነ ቱቦ ማድረግ ይበቃል።

ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ውኃውም ቀዝቅዞ እያለ ቀንና ሌሊት የምታንጠባጥብ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠረጠራል። አንደኛው የመስመሩ ግፊት ከፍ ማለቱ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ሰው ሲተኛ ግፊቱ ይጨምራል፤ ጠብታዋ ሌሊት የምትብስ ከሆነ ምልክት ነው። መፍትሔው ከቦይለሩ በፊት ግፊት መቀነሻ ማስገጠም ነው። ውኃው ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር የሚመጣ ከሆነ ግን ግፊትን አትጠርጥሩ፤ አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው አንድ ባር ያህል ብቻ ነው። ያኔ ሁለተኛው ምክንያት ይመጣል፤ ይኸውም ቆሻሻ ነው። ውኃ ጠፍቶ ሲመለስ ዝገትና አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ ማፍያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ነጭ ቅርፊትም አለ። ይህ በቫልቩ መክደኛ ሥር ሲገባ በደንብ አትገጥምም። ትንሿን እጀታ ብድግ አድርጎ ውኃው ለጥቂት ሰከንድ እንዲያጥባት ማድረግ ብዙ ጊዜ ያድናታል። ካልዳነች ትለወጥ።

ጠብታው በጣም የሚፋጅ ወይም እንፋሎት የቀላቀለ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቴርሞስታቱ አልቆርጥ ብሏል ማለት ነው። ወደ ቦይለሩ ሳትጠጉ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፤ ከዚያ ባለሙያ ጥሩ።

እኛ ቤት ከጠብታዋ ሥር ማሰሮ አድርጌ ጠዋት ለካሁ። ከአንድ ሊትር ትንሽ ያነሰ ሆነ፤ ቦይለሩ ሲጠፋም አቆመች። ቧንቧ ሠራተኛው ልኩን ቡሎን ይዞ ሲመጣ ስለ ፓፒን ድስት ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ በኋላ ቡሎኑን ኪሱ ከተተና ቱቦ ገጠመልን። እናቴ አሁን ጠብታዋን በባልዲ እያጠራቀመች ቤት ትወለውልበታለች።

መጨረሻው

ፓፒን የት ሞተ የሚለው ለረዥም ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ። በኋላ ግን በለንደን ማኅደር ውስጥ በተቀመጠ የቀብር መዝገብ ላይ ስሙ ተገኘ። የተቀበረው ነሐሴ 26 ቀን 1713፣ 66 ዓመት በሞላው በአራተኛው ቀን አካባቢ ነው። ቦታው በፍሊት ስትሪት የሚገኘው የቅድስት ብራይድ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ፍሊት ስትሪት የእንግሊዝ ጋዜጦች ሰፈር ነበር። የመጀመሪያው የእንግሊዝ ዕለታዊ ጋዜጣ በ1702 የታተመው እዚያው አጠገብ ነው። ጋዜጦቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሰፈሩን ለቀው ቢወጡም ቅድስት ብራይድ ዛሬም የጋዜጠኞች ቤተ ክርስቲያን ትባላለች። ግፊት ያለበት ነገር ሁሉ መውጫና ተናጋሪ እንደሚያስፈልገው ያሳየው ሰው፣ ራሱ የሚሰማው አጥቶ ከሞተ በኋላ፣ በእኛው ሙያ ሰፈር ማረፉ ይገርመኛል። የዛሬ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ተመርቀን ስንወጣ፣ የሆነ ቦታ ጠብ የሚል ነገር አይተን እንድፈነው የሚለን ሰው አይጠፋም። ያኔ ማሰሮ አስቀምጠን መጀመሪያ እንለካው።

ሰላም ሁኑ! ቤታችሁም ቦይለር ካለ ዛሬ ማታ ከሥሩ ጎንበስ ብላችሁ እዩት።